ከጠገራ ብር እስከ አይሲ፤ በይፋት ቆላ የመፈተን ሙያ

ይፋት በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው ዘወትር ከጦርና ከጋሻ ጋር ነው። የወላስማ ሱልጣኖች በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መንበራቸውን የተከሉበት፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 እ.ኤ.አ. የዘመቱበት፣ ከብዙ ዘመንም በኋላ የሸዋ ነገሥታት ከአንኮበር ራስ ላይ ሆነው ቁልቁል ይመለከቱት የነበረ አገር ስለ ሆነ፣ የጸሐፍት ብዕር ወደ ዘመቻው ማዘንበሉ አይፈረድበትም። ሆኖም ዘመቻ በስንት ዘመን አንዴ ሲሆን ገበያ በየሳምንቱ ነው። ደጋው ከቆላው፣ ቆላውም ከአፋር በረሓ ጋር የሚገናኝበት ይህ አገር ከታጁራ በሚመጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ላይ ተቀምጦ ሲኖር፣ ሕዝቡ አስቀድሞ የተማረው ጥበብ የሻጭን ቃል ከመስማት ይልቅ የዕቃን እውነት በእጁ መመርመር ነበር።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለት ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ.፣ የዚህ ንግድ እምብርት ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ ነበረች። በ1841 እ.ኤ.አ. ከቦምቤይ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስም ከታጁራ ተነሥቶ፣ በረሓውን አቋርጦ፣ ወደ ንጉሡ የወጣው በዚሁ በኩል ነው። በገበያው ይዘዋወር የነበረው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንዱ አሞሌ ጨው፣ ሁለተኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጠገራ ብር ነው። የአሞሌው ፈተና ቀላል ነበር፤ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ወገቡ የተሰበረ ወይም እርጥበት የበላው እንደ ሆነ ዋጋው ይወድቃልና ዐይንና መዳፍ ይበቁታል። ጠገራው ግን በሩቅ አገር፣ በባዕድ ጽሕፈት ተመትቶ የመጣ ነውና ሌላ ብልኃት ይሻ ነበር። ይህ ብር በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል የተጻፈበት፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከ1,000 እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ነው፤ ተቀባዩም በብሩ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ያለው የዕንቁ ጌጥ ነጥብ ነጥቡ ሳይደመሰስ መታየቱን፣ ከምስሏም ሥር ኤስ እና ኤፍ የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት መኖራቸውን ይመረምር ነበር። ማንበብ አይጠበቅበትም፤ መልካቸውን ማወቁ ይበቃዋል። ዐይኑ ያልጠገበ እንደ ሆነ ብሩን ከድንጋይ ላይ ይጥለዋል፤ ደኅናው ብር ድምፁን አርዝሞ ያቃጭላል፣ እርሳስ የበዛበት ግን ድፍን ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይላል።

የዚህን ፈተና ጠባይ ልብ ማለት ይገባል። ነጋዴው ብሩን አላቀለጠውም፣ አልቆረጠውም፣ ወደ አንጥረኛም አልላከውም፤ በገበያ መካከል ቆሞ፣ ሰው እየተጋፋው፣ ከመዳፉ የማይበልጥ ነገር ይዞ፣ የማይታየውን የብሩን ባሕርይ በሚታይና በሚሰማ ምልክት ፈረደ። የጠየቀውም ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። በውስጡ ምን ያህል ብር አለ የሚለውን ለሊቃውንት ትቶ፣ ይሄዳል ወይስ አይሄድም ብሎ ነው የጠየቀው። ዛሬ በዚሁ በይፋት፣ ከአንኮበር በስተሰሜን ዝቅ ብላ በሮቢ ወንዝ አጠገብ በተቈረቈረችው በሸዋ ሮቢት፣ በኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ገበታ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ከዚህ የራቀ አይደለምና፣ የጠጋኞችን የእጅ መፈተኛ ታሪክ ከጠገራ ብር መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን አስቀድሞ በሰፊው የተዘረጋው በሽቦ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ መሥመር፣ ቀጥሎም ከአዲስ አበባ በወሎና በትግራይ በኩል አስመራ የሚደርስ የቴሌግራፍ መሥመር ተዘረጋ። ነገር ግን ሽቦው የመንግሥት ነው፤ ባላገሩ ከሥሩ ያልፋል እንጂ አይነካውም። ለይፋት ቆላ ዋናውን ለውጥ ያመጣው የመኪና መንገድ ነው። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ጣርማ በር ላይ በስተው ወደ ደሴና ወደ አስመራ የሚያልፈውን ጎዳና ባበጁ ጊዜ፣ የንግዱ ጉዞ ከበቅሎ ወደ ካሚዮን ዞረ፤ አልዩ አምባ ወደ ጎን ቀረች፣ ጎዳናው በመካከሏ የሚያልፈው ሸዋ ሮቢት ግን ሰፋች። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው የጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደዚህች ከተማ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጋቢውን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። የሽንኩርቱ፣ የማሾውና የትምባሆው አገር ነጋዴን ጠራ፤ ነጋዴው ራዲዮኑን ይዞ መጣ፤ ራዲዮን ባለበት ደግሞ ጠጋኝ አይጠፋም።

የራዲዮ ታሪክ በኢትዮጵያ በ1927 ዓ.ም. በተመረቀው በአቃቂ ጣቢያ ይጀመራል። የዚያ ዘመን ራዲዮኖች በእንጨት ሣጥን የታሸጉ፣ በውስጣቸው እንደ አምፑል የሚግሉ የመስተዋት ቫልቮች የተደረደሩባቸው ከባድ ዕቃዎች ነበሩ፤ ቫልቩም ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 250 በሚደርስ ቮልት ስለሚሠራ፣ ጀርባውን የከፈተ ሰው እጁን የሚያሳርፍበትን ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት። በዚያ ዘመን የጠጋኝ ቀዳሚ መፈተኛ ጣቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሰው ገላ በአካባቢው ካለው የመብራት ሽቦ ረቂቅ የሆነ ንዝረት ይቀበላልና፣ ባለሙያው የካቻቪቴውን ብረት በጣቱ ነክቶ ጫፉን በመጨረሻው ቫልቭ መግቢያ ላይ ሲያሳርፍ ድምፅ ማጉያው ያጉረመርማል። ካጉረመረመ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ደኅና ነው። ቀጥሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀደመው ቫልቭ ይሄዳል፤ እዚያም ካጉረመረመ እንደ ገና ወደ ኋላ፤ እንዲህ እያለ ወደ አንቴናው ሲጠጋ ድምፁ ድንገት የጠፋበት ቦታ ደዌው ያለበት ቦታ ነው። መብራት በሌለበት ገጠር በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ የመጣለት እንደ ሆነ ግን ጉርምርምታው አይገኝም፤ ጫፉ ሲነካ የምትሰማውን ጥቂት ጠቅታ ማዳመጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ለመስማት የሠለጠነ ጆሮ ከብረት መሣሪያ የማይተናነስበት ዘመን ነበር።

ከዚህ በኋላ ትራንዚስተር መጣ። በ1947 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባርዲን፣ ብራታይንና ሾክሊ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ያገኙት ይህ ጥቃቅን ነገር፣ ራዲዮኑን ከሣጥንነት ወደ ኪስ ዕቃነት አወረደው፤ ከከተማም አውጥቶ መብራት ወዳልደረሰበት ቀበሌ አሻገረው። በ1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ በሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት ማሠራጫዎች ሥራ በጀመረ ጊዜ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረድ በራዲዮ በተነገረ ጊዜ፣ በቆላው ያለ ባለ ትራንዚስተር ከአዲስ አበባው ሰው እኩል ይሰማ ዘንድ የሚያግደው የባትሪ ድንጋይ ማለቅ ብቻ ነበር። የድንጋዩንም ነገር ሕዝቡ በራሱ መንገድ ተማረው፤ የደከመውን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ጥርጣሬም ሲገባው አንዲት የእጅ ባትሪ አምፑል ቂጧን በድንጋዩ ጫፍ ላይ አሳርፎ በአንድ ቁራጭ ሽቦ ወገቧን ከድንጋዩ ግርጌ ጋር ያገናኛታል።

ይህች ፈተና ለብዙዎች የልጅ ጨዋታ ትመስላቸዋለች፤ እኔ ግን በትምህርት ቤት ከሚታየው መለኪያ የምትበልጥበት ቦታ እንዳለ እመሰክራለሁ። 1.5 ቮልት እንዲሰጥ የተሠራ ድንጋይ ደክሞም ሳለ ሥራ ካልሰጡት በመለኪያ ላይ 1.4 ያሳያል፤ ተማሪውም ደኅና ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ ራዲዮኑ ውስጥ ሲገባ ግን ወዲያው ይሞታል። አምፑሏ ድንጋዩን ታሠራዋለች፤ ሸክም ታሸክመዋለች። ከተሸከመ በኋላ የሚሰጠው ብርሃን፣ ቀይ ቢሆን ቢጫ ቢሆን፣ እውነቱን ይናገራል። መለኪያ ቁጥርን ሲሰጥ መፈተኛ ፍርድን ይሰጣልና፣ ሁለቱን ማምታታት በሙያው ውስጥ እስከ ዛሬ ብዙ ዕቃ ያለ ጥፋቱ እንዲጣል አድርጓል።

በቁጥር የሚናገረው መለኪያ አባት የሚባለው በ1923 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ፖስታ ቤት መሐንዲስ የነበረው ዶናልድ ማካዲ ያወጣው አቮሜትር ነው። ማካዲ የስልክ መሥመር ለመጠገን በወጣ ቁጥር አምፔር የሚለካውን፣ ቮልት የሚለካውንና ኦም የሚለካውን ሦስት ልዩ ልዩ ዕቃ መሸከሙ አሰልችቶት ሦስቱን በአንድ ሣጥን አዋሐዳቸው። በአገራችን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ በአዲስ አበባም የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም ኤሌክትሪክ ያስተማሯቸው ወጣቶች በየክፍለ ሀገሩ ሲሠማሩ፣ ባለ መርፌው መለኪያ ቴስተር ተብሎ ከሙያው ጋር ተሠራጨ። ከእርሱ ጎን ደግሞ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ደረት ኪስ የምትታየው፣ እጀታዋ ውስጥ ትንሽ የኒዮን መብራት ያላት ካቻቪቴ አለች፤ እርሷም በሰው ልማድ ቴስተር ነው የምትባለው። የኋለኛዋ ጫፏ ሶኬት ውስጥ ገብቶ አውራ ጣት ጀርባዋን ሲነካ ትበራለች፤ በሰውየው ገላ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በውስጧ ባለው ከፍተኛ ተቃዋሚ ታግዶ እጅግ ጥቂት ስለሚሆን አይሰማውም። 220 ቮልት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከእርሷ የሚፈጥን ነገር የለም። ለራዲዮና ለሰዓት ዕቃ ግን አትረባም፤ ኒዮኑ ከ60 ቮልት በታች ጨርሶ ዐይኑን አይገልጥም።

ነገሩ የተለወጠው አይሲ በመጣ ጊዜ ነው። ጃክ ኪልቢ በ1958 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ፣ ሮበርት ኖይስም በተከታዩ ዓመት በፌርቻይልድ፣ ብዙ ክፍሎችን በአንዲት ቅንጣት ላይ አዋሕደው መሥራት እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ 74 በሚል ቁጥር የሚጀምሩት፣ 14 ወይም 16 እግር ያላቸው ጥቋቁር አይሲዎች ዓለሙን ሞሉት። በ5 ቮልት የሚሠሩት እነዚህ አይሲዎች ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚናገሩት። በመግቢያቸው ላይ ከ0.8 ቮልት በታች የሆነው ሁሉ ዝቅ፣ ከ2 ቮልት በላይ የሆነው ሁሉ ከፍ ነው፤ በመካከሉ ያለው ማንም የማያዝበት ጠፍ ነው። በዚህ ጊዜ የቀድሞው ጠጋኝ ተደናገጠ ቢባል እውነት ነው። ጣቱ አይጠቅመውም፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ማጉያ የለም፣ የሚግል ቫልቭ የለም፤ የቴስተሩ መርፌም ከዳችው። በዜሮና በ5 ቮልት መካከል በሰኮንድ ሚሊዮን ጊዜ እየተፈራረቀ በሚመታ እግር ላይ ቴስተሩ ቢቀመጥ፣ መርፌዋ ያን ሁሉ ምት መከተል ስለማትችል አማካዩን ወስዳ 2.5 ቮልት ላይ ትቆማለች፤ ተበላሽቶ በከፍና በዝቅ መካከል ተሰንቅሮ የቀረ እግር ላይም ቢቀመጥ ያችኑ 2.5 ታሳያለች። ሕያውና ሙት በአንድ ቁጥር ተጻፉ። ምቱን በዐይን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ነበረ፤ ዋጋው ግን የቤት ዋጋ፣ ክብደቱም የሸክም ነበር።

መፍትሔው ከትንሽ ነገር መጣ። በ1968 እ.ኤ.አ. ጋሪ ጎርደን የሚባል የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ፣ ከወፍራም እስክሪብቶ የማትበልጥ፣ ወደ ጫፏ መብራት ያላት መፈተኛ ሠራ። ጫፏን ከአይሲው እግር ላይ ሲያሳርፏት እግሩ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ትበራለች፣ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ትጠፋለች፣ እየመታ ከሆነ ደግሞ ብልጭ ድርግም ትላለች። ዋናው ጥበብ ያለው ከኋለኛው ላይ ነው፤ ምቱ ዐይን ሊያየው ከሚችለው እልፍ ጊዜ ያጠረ ቢሆንም፣ በውስጧ ያለው ሥርዓት ያችን አንዲት ምት ይዞ ዐይን እስኪያያት ድረስ ያረዝማታል። ከዚያው ቤት ቀጥሎ የወጣው ሌላው መሣሪያ በአይሲው ጀርባ ላይ እንደ መቆንጠጫ ተነክሶ የ16ቱንም እግሮች ሁኔታ በ16 ጥቃቅን መብራቶች በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ነበር። ስንት ቮልት አለ የሚለው ጥያቄ ተትቶ፣ አለ ወይስ የለም፣ ይመታል ወይስ ቆሟል የሚለው ብቻ ተጠየቀ።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ፍርድ የተሳሳተ ይመስለኛል። ዲጂታል ሲመጣ የትንንሽ ጠጋኞች ዘመን አለፈ፣ ከእንግዲህ ባለ ትልቅ ቤተ ሙከራ ካልሆነ ማንም አይነካውም ተብሎ ተነግሮ ነበር፤ ዛሬም ይነገራል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የቀድሞው ራዲዮ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ልዩ ልዩ ቮልት የሚገኝበት፣ ከአምራቹ የተሳለ ሥዕል ካልያዙ የትኛው ትክክል የትኛው ስሕተት እንደ ሆነ የማይለይበት ዕቃ ነበረ፤ ዲጂታሉ ግን ጥያቄውን ወደ ሁለት መልስ ስላወረደው፣ መልሱን ለመስማት አንዲት መብራት በቃች። ረቂቁ ዕቃ በረቀቀ መጠን መፈተኛው ቀለለ። ለሸዋ ሮቢትና ለመሰሎቿ ከተሞች ይህ ታላቅ ዕድል ነበር፤ ምንም እንኳ ዕድሉን ያወቁበት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዲጂታሉ ዕቃ በገፍ ሲደርስላቸው ቢሆንም።

መፈተኛዋን ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ሊሠራትም ይችላልና አሠራሯን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ቀለሙ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ ይወሰዳል፤ በአፉ የልብስ መርፌ ይሰካበታል። ከተጣለ የዲሽ ሪሲቨር ቦርድ ላይ ሁለት ጥቃቅን መብራቶች፣ አንድ ቀይ አንድ አረንጓዴ፣ ሁለትም የ470 ኦም ተቃዋሚዎች በካውያ ይነቀላሉ። ቀዩ መብራት ከመርፌው ወደ ኔጋቲቭ፣ አረንጓዴው ከፖዘቲቩ ወደ መርፌው፣ ሁለቱም በየተቃዋሚያቸው በኩል ይታሰራሉ፤ ከቀፎው ጀርባ የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች የሚፈተነው ቦርድ 5 ቮልት ላይ ይነከሳሉ። መርፌው ከፍ ያለውን ሲነካ ቀዩ፣ ዝቅ ያለውን ሲነካ አረንጓዴው ይበራል፤ በፍጥነት በሚመታው ላይ ሁለቱም ፈዘዝ ብለው አብረው ይበራሉ።

ይህች ቀላል ዕቃ ግን ሁለት ጠባይ አላት፣ እርሱን ያላወቀ ይሳሳታል። የመጀመሪያው፣ መርፌው ምንም ሳይነካ በአየር ላይ ሳለ ሁለቱ መብራቶች በመካከላቸው ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ደብዘዝ ብለው ይበራሉ፤ ስለዚህ ባዶ አየርና የሚመታ እግር አንድ ይመስላሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ከየመብራቱ ጋር አንዳንድ ተራ ዳዮድ መጨመር ነው፤ እያንዳንዱ ዳዮድ 0.7 ቮልት ገደማ ስለሚበላ ጠቅላላው ከ5 ቮልት ያልፍና በአየር ላይ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሁለተኛው፣ የ74 ዓይነት አይሲ ጠባዩ ለመስጠት ንፉግ ለመቀበል ቸር ነው። ዝቅ ሲል 16 ሚሊ አምፔር እንዲቀበል ዋስትና ተሰጥቶታል፤ ከፍ ሲል ግን 0.4 ሚሊ አምፔር ብቻ እንዲሰጥ ነው የታዘዘው። ስለዚህ አረንጓዴው ደምቆ፣ ቀዩ ደክሞ ቢታይ ዕቃው ተበላሸ ማለት አይደለም። ባሰም ጊዜ የመብራቷ ሸክም ራሱ የሚፈተነውን እግር ከከፍታው ጎትቶ ሊያወርደው ይችላልና፣ ብልኅ ሰው በመርፌውና በመብራቱ መካከል አንድ ትራንዚስተር አስገብቶ ሸክሙን ያቀልለታል። የባትሪ ድንጋዩን ማሠራት መልካም ነበር፤ አይሲውን ማሠራት ግን ፈተናውን ያበላሻል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ከቦርዱ ጋር ያለው ግንኙነት የተቈረጠ የአይሲ መግቢያ እግር ዜሮ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው፤ በ74 ወገን ግን የተቈረጠው እግር በ1.5 ቮልት አካባቢ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ አይሲውም እንደ ከፍ ይቈጥረዋል። መፈተኛዋ በዚያ እግር ላይ ቀይም አረንጓዴም ሳታሳይ ከቀረች፣ ዝምታዋ ራሱ መልስ ነው፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ተበጥሷል። ጠጋኙም አይሲውን ከመወንጀሉ በፊት በብሩሽና በአልኮል አቧራውን ጠርጎ የቦርዱን መሥመር በዐይኑ ይከተላል። በቆላ አገር አቧራና ላብ ብዙ የሚያጠፉት ይህን መሥመር ነው።

ወደ ይፋት ዲጂታል ዕቃ የገባው በአንድ ቀን አይደለም። አስቀድሞ የእጅ ሰዓትና የሂሳብ ማሽን፣ ቀጥሎ የሳተላይት ዲሽ ሪሲቨር፣ ቀጥሎ ማሾና ሽንኩርት የሚመዝነው ዲጂታል ሚዛን፣ የባጃጅ ሞተር ማስነሻ ሣጥን፣ የፀሐይ መብራት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞባይል መጡ። በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጀመረው የሞባይል አገልግሎት ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ፣ በየአስፋልቱ ዳር «ሞባይል ጥገና» የሚል ጽሑፍ በቀለም የተጻፈበት አንድ ክንድ ገበታ የሌላት ከተማ ጠፋች። ከሪሲቨሩ ላይ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ዲጂታሉ ክፍል ሳይሆን ኃይል የሚሰጠው ክፍል ነው፤ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር በዐይን ይታያል፣ ተለውጦም ብዙ ዕቃ ይነሣል። ከሚዛኑም ላይ እንደዚሁ ነው። ይህን ያላዩ ሰዎች «ቦርዱ ሄዷል፣ አዲስ ግዛ» እያሉ ደንበኛን ማሰናበታቸው የሙያው ነውር ነው፤ ገበሬው ለአንዲት ካፓሲተር ብልሽት ከማሾው ገንዘብ የሙሉ ሚዛን ዋጋ እንዲከፍል ማድረግ አይገባም ነበር።

ሞባይሉ ግን ለአሮጌዋ መፈተኛ አልተገዛላትም። ባትሪው 3.7 ቮልት ሲሆን በውስጡ ያሉት አይሲዎች አብዛኞቹ በ1.8 ቮልት ነው የሚነጋገሩት፤ ቀይ መብራት ደግሞ ለመብራት ያን ያህሉን ሁሉ ትሻለች። ስለዚህ በእስክሪብቶ ቀፎ የተሠራችው ዕቃ ከሞባይል ፊት ዕውር ናት። በእርሷ ምትክ የመጣው ፈተና ግን አሁንም የእጅ ነው፣ አሁንም ባለ ጥቂት መልስ ነው። ባለሙያው ስልኩን አጥፍቶ ባትሪውን ያወጣል፤ ዲጂታል ቴስተሩን በዳዮድ ምልክት ላይ ያዞራል፤ ቀዩን ጫፍ የቦርዱ ግራውንድ ላይ አሳርፎ በጥቁሩ ጫፍ የባትሪውን አፍ፣ የቻርጅ መግቢያውን፣ የሲም ካርዱን እግሮች ተራ በተራ ይነካል። ቁጥሩ 0.3 እና 0.6 መካከል ቢገኝ በጤናማ አይሲ ውስጥ ያለ ዳዮድ መልሶለታልና ያልፋል። ዜሮ ካሳየና ቴስተሩ ከጮኸ መሥመሩ ሾርት አድርጓል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። አዲስ ገቢ ልጅ ሲያጉረመርም «ጋሼ፣ ይሄ እኮ 0.42 ነው የሚለው፣ ያኛው ግን 0.45፤ የቱ ነው ልክ?» ብሎ ይጠይቃል። «ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንተ ዜሮን ፈልግ» ይለዋል ታላቁ፣ ዐይኑን ከቦርዱ ሳያነሣ።

ዜሮው ከተገኘ በኋላ የቀረው በአንድ መሥመር ላይ ከተሰለፉት አሸዋ ከመሰሉ ካፓሲተሮች የትኛው እንደ ሞተ መለየት ነው። እዚህ ላይ የሙያው ጥንታዊ መሣሪያ ይመለሳል። በሚስተካከል ዲሲ መስጫ 1 ወይም 2 ቮልት በዚያ መሥመር ላይ ይለቀቃል፤ ሾርት ያደረገችው ክፍል ኤሌክትሪኩን ሁሉ ስለምትጠጣ ትሞቃለች፤ ሠሪውም ቦርዱን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ እያደረገ የምታቃጥለውን ይፈልጋል። ጣቱ ያልለየለት እንደ ሆነ አልኮል ይቀባዋል፣ በሞቀችው ክፍል ላይ ያለው አልኮል ከሌላው ቀድሞ ይተንናል። ይህን ሥራ በደብረ ብርሃን ብርድ የለመደ ሰው ሸዋ ሮቢት ወርዶ በሚያዝያ ቀትር ቢሞክረው ግን አልኮሉ ከሁሉም ላይ አንድ ጊዜ ተኖ ያሳፍረዋል። ስለዚህ ወይ በማለዳ መሥራት፣ ወይ የፔስት ጢስ በቦርዱ ላይ እንደ ውርጭ ነጭ አድርጎ አልብሶ ቀልጦ የሚጠቁረውን ቦታ መጠበቅ ነው። ቦታው ከተገኘ ከዚያ ወዲያ ያለው የካውያ ሥራ ነው፤ ካፓሲተሯ በወረንጦ ተይዛ ትነሣለች፣ መሥመሩ እንደ ገና በዳዮድ ይፈተናል፣ 0.4 ገደማ ከመለሰ ባትሪው ይገባና ስልኩ ይከፈታል።